ከመብራቱ ጋር የጮኸው ማጉያ

ኢንስፔክተር በዛች ለሥራ ከሄደችበት ከማሻ ስትመለስ ሬሳው ሆስፒታል ገብቶ፣ ገደለች የተባለችው ሴት ታስራ፣ ወሬው ደግሞ መካነ ሰላምን ዞሮ ጨርሶ ጠበቃት። ለእሷ የተረፈላት ሥራ መፈረም ብቻ ነበር። ደሟን ያፈላውም ይኸው ነው። የመንገዱን አቧራ ሳታራግፍ የኮማንደር መለሰን ቢሮ በር ከፍታ ገባች።

«አልቋል እኮ በዛች» አላት ኮማንደሩ ቀና ብሎ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነው። «አቶ ዓባይነህን የገደለቻቸው ሀጀራ ናት። ከምሳ በኋላ መኪናው ወደ ደሴ ይወጣል፣ እሷንም ይዟት ይሄዳል። ፈርሚና እረፍት አድርጊ።»

«ማን ነው የጨረሰው?»

«ምኑን?»

«ምርመራውን ነዋ! እኔ ማሻ ሳለሁ ማን መርምሮ ማን ጨረሰው?»

ኮማንደሩ በረጅሙ ተነፈሰ። ይህች ሴት ስትቆጣ ከእሷ ጋር መከራከር ትርፉ ራስ ምታት እንደሆነ ጣቢያው በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሮ ነገራት።

አቶ ዓባይነህ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰሞኑን ለሰፈሩ ቅሬ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ለሚቀባበርበት ማኅበር፣ ለቀብር መጥሪያ የሚሆን ድምፅ ማጉያ ይሠሩ ነበር። ከውጭ የሚመጡት ማጉያዎች የከተማው መብራት በጨመረና በቀነሰ ቁጥር ስለሚቃጠሉ፣ ትራንዚስተር የሚባል ነገር የሌለበት፣ ከአሮጌ ራዲዮ በተነቀሉ የመስተዋት ቫልቮች የሚሠራ እንዲሆን ወስነው ነበር። አብራቸው የምትሠራው ከሳዑዲ የተመለሰችው ሀጀራ ናት። ትናንት ጠዋት መብራት ሄደ። ቀትር አለፍ ብሎ ሲመጣ ከሱቁ የማሲንቆ ዘፈን በሞንታርቦ ተለቀቀ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

«ሽማግሌው መብራት በሄደ ቁጥር ሶኬት ሁሉ እንደሚነቅሉ አገር ያውቃል» አለ ኮማንደሩ። «መልሰው የሚሰኩትም ራሳቸው ናቸው፣ ሌላ ሰው አያስነኩም። ስለዚህ ዘፈኑ ሲጮህ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በፊት ለፊቱ በር የገባችው ሀጀራ ብቻ ናት፣ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ አይቷታል። ገባች፣ ጮኸች። ሰው ሲደርስ ማጅራታቸውን በከባድ ብረት ተመትተው ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተዋል። በዋዜማው ደግሞ ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል። ምን ቀረሽ?»

«የጓሮ በር የለውም?»

«አለው። መብራቱ ሊመጣ ሲል ጀምሮ ግን የጎረቤቱ የሃሩን ሠራተኞች ጓሮው ላይ ዕቃ ሲያራግፉ ነበር። ወዲህም ወዲያም ያለፈ የለም ብለዋል።»

«ሐኪሙስ መቼ ሞቱ አለ?»

«አምሽቶ ነው ያያቸው። ሰዓቱን ቆርጬ መናገር አልችልም ብሏል።»

«እሱ አልችልም ያለውን እናንተ ቻላችሁት!» አለችና በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «መኪናው ሳይወጣ እመለሳለሁ። እኔ ሳልፈርም ተወሰደች የሚል ወሬ እንዳልሰማ!»

ሀጀራ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ጣቶቿ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። ፊቷ ላይ እንባ የለም፣ የደረቀ ንዴት እንጂ።

«የመጡት ሊያስፈርሙኝ ነው?»

«ልጠይቅሽ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት» አለች ሀጀራ። «ሌሎቹ እየነገሩኝ ነው የሄዱት። እንዲህ አድርገሻል፣ እንዲህ ብለሻል እያሉ።»

በዛች አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በሽቦ። ማጉያው ሁሉ ነገሩ ተሟልቶ አንድ ትራንስፎርመር ብቻ ቀርቶት ነበር። ቫልቭ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ቮልቱ ብዙ፣ ከረንቱ ግን ትንሽ ነው። እስፒከር የሚፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ሁለቱን እንደ ሽማግሌ መሀል ገብቶ የሚያስማማ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። እሱን ለመጠምጠም ጥሩ የመዳብ ሽቦ ፈልገን አጥተን ከረምን። ወደ ከላላ ገበያ ወርጄ ውራጅ ብረት ከሚሸጥ ሰውዬ አገኘሁና ደስ ብሎኝ መጣሁ። መጠምጠም ስጀምር ጋሼ ዓባይነህ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ ‹ይህን ሽቦ አትንኪ!› ብለው ጮኹብኝ። ወላሂ፣ ጮኸውብኝ አያውቁም። እኔም ተናደድኩና መልሼ ጮኽኩ።»

«ለምን አትንኪ እንዳሉሽ አልነገሩሽም?»

«‹መጀመሪያ ሰውዬውን ብቻውን ላናግረው፣ ቅሬ ፊት ከሚዋረድ ራሱ ይናገር› ነው ያሉት። ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው ‹የሰው ስም ይጠፋል› ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።»

«ትናንት ስትገቢ ምን ሰማሽ?»

«ከመስጊድ ሰግጄ መምጣቴ ነበር። ቴፑ ይዘፍናል፣ እሳቸው ተደፍተዋል። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር። አቅፌ ላነሳቸው ስል ቀዝቅዘዋል።»

«ቴፑ ነው ያልሽው? ሰው ሁሉ ማጉያው ዘፈነ ነው የሚለው።»

ሀጀራ አፈጠጠችባት። «ማጉያው? ማጉያው በምኑ ይዘፍናል?»

በዛች ብድግ አለች። ቆሽቷ አርሯል። አንዲት ሴት ነገ ዕድሜ ልክ ሊፈረድባት ነው፣ ይህን አንድ ጥያቄ የጠየቃት ግን የለም።

ሱቁን አሥር አለቃ ንጉሡ ሲጠብቅ አገኘችው። ጠረጴዛው ላይ ማጉያው ቁጭ ብሏል። የቆርቆሮ ሣጥን፣ ላዩ ላይ እንደ ትንንሽ ፋኖስ የቆሙ ሁለት ቫልቮች፣ ጎኑ ላይ ደግሞ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ያሉበት ባዶ ቦታ። የሞንታርቦው ሁለት ሽቦዎች ከባዶው ቦታ አጠገብ፣ በቀጥታ ቫልቩ ሥር ተጠምዝዘዋል። ሽማግሌው የተመቱበት ብረት፣ ገና ሊጠመጠም የነበረው የትራንስፎርመሩ ልብ፣ ደም ደርቆበት ትናንት ተወስዷል። ሀጀራ ከከላላ ያመጣችው የሽቦ ጥቅል ግን የትም የለም።

መደርደሪያው ላይ ያለውን ቴፕ አየችው። ሶኬቱ ተነቅሏል፣ የማጫወቻ ቁልፉ ግን እንደተጫነ ነው፣ ካሴቱም መሀል ላይ ቆሟል። ከኋላው ያለችውን የእስፒከር ማሰሪያ ነካች፤ ላልታለች።

«ንጉሡ፣ ይህን ዕቃ ትናንት ማን ነካው?»

«ማንም አልነካውም ኢንስፔክተር። እኛ ስንደርስ ዋለ ሶኬቱን ነቅሎት ነበር።»

«የቱ ዋለ?»

«የውኃ ፓምፑ ኃላፊ ዋለ። ሀጀራ ስትጮህ ቀድሞ የገባው እሱ ነው።»

በዛች ተንበርክካ ከጠረጴዛው ሥር በእጇ ዳበሰች። ጥግ ላይ፣ ብናኝና የቆርቆሮ ፍቅፋቂ መሀል፣ ሀጀራ መጠምጠም የጀመረችባትን የካርቶን ጥቅልል አገኘች። ጥቂት ዙር የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞባታል። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ተቀጣጥሏል፣ መቀጠያውም በክር በጥንቃቄ ታስሮ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ክሩን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። አረንጓዴና ቀይ ነው። በመሐረቧ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና መንገዱን ተሻግራ የኔአለም ሻይ ቤት ገባች።

እትዬ የኔአለም ጠይም፣ ቀጭን፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ከምድጃው አጠገብ ሦስት ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል።

«ይሄ ሁሉ ጥያቄ ለምኑ ነው ልጄ?» አለቻት በዛች ገና ሳትቀመጥ። «ያቺን ዓረብ አገር የደነደነች ሴት ስቀሏት! ዓባይነህን የመሰለ ሰው! ልቧ ድንጋይ ሆኖ ነው የመጣችው እዚያ።»

«እርስዎ ዓረብ አገር ሄደው ያውቃሉ እትዬ የኔአለም?»

«እኔማ ምን ልሠራ!»

«እንግዲያው የሚያውቁትን ብቻ ይንገሩኝ» አለቻት በዛች። ድምፅዋ ከሷ ቁጥጥር ውጪ ጠንከር ብሎ ወጣ። «መብራቱ ሲመጣ ምን ሆነ?»

ሴትዮዋ ቅር እያላት መለሰች። «ምን ይሆናል? ሻይ እየቀዳሁ ነው። አምፖሉ ቦግ ሲል ዘፈኑም እኩል ጓ አለ። ከመደንገጤ ሻዩን እጄ ላይ ደፋሁት። ይኸው!» ቀይ የሆነ አውራ ጣቷን አሳየቻት። «እነ ዋለ ሳቁብኝ።»

«እኩል? ወይስ ትንሽ ቆይቶ?»

«እኩል አልኩሽ እኮ! አንድ ላይ ነው የመጡት።»

«ዋለ ከመቼ ጀምሮ እዚህ ነበር?»

«መብራቱ ሳይመጣ ነው የገባው። ሀጀራ እስክትጮህ ንቅንቅ አላለም። እሱ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጠዋት ማታ እዚሁ ነው ሻይ የሚጠጣው።»

በዛች ጀሪካኖቹን አየች። «ውኃ ከየት ነው የምታመጡት?»

የኔአለም ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ እንደምትቀዳ፣ ፓምፑ ከቆመ ወዲህ ሴቱ ሁሉ እንደዚያው እንደሆነ ነገረቻት። በክረምቱ ልጇ ድንቅነሽ ጀሪካን አዝላ ስትወጣ ጭቃው አዳልጧት ገደል ገብታ ሞታለች። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም። የሻይ ብርጭቆ ይዛ፣ የታጠበውን ደግማ ደጋግማ ታጥበዋለች።

«አምና ሲበላሽ ዓባይነህ ነበር ሞተሩን ጠምጥሞ ያስነሳው» አለች በመጨረሻ። «ዘንድሮም ‹እስቲ ልየው› ቢል፣ ዋለ ‹ተቃጥሏል፣ አይነካም፣ ከደሴ ዕቃ ይመጣል› አለው። የፓምፑ ቤት ቁልፍ በሱ እጅ ነው። ይኸው እስካሁን ይመጣል።»

በዛች የሴትዮዋን ነጠላ ጥለት ልብ ብላ አየች። ከዚያ ወደ ሃሩን ሱቅ ሄደች።

ሃሩን ሱቁ በር ላይ፣ ከውጭ ያስመጣቸው የእስፒከር ካርቶኖች መሀል ቆሞ ነበር። ወፍራም፣ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነው። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«አዎ፣ አልወዳቸውም ነበር! ዕቃዬን በገበያ መሀል ‹ቆሻሻ› እያሉ ሲሳለቁብኝ ኖረዋል። የተቃጠሉትን ማጉያዎቼን በራቸው ላይ ከምረው ነው የሚያሳዩት። አላህ ይርሐማቸው እንጂ ሰው ያናድዱ ነበር። ገዳይ ግን አይደለሁም!»

«አልኩህ?»

«ሊሉኝ ነዋ!»

«ዋለን ተከትለህ ሁለተኛ የገባኸው አንተ ነህ አሉ። ምን አየህ?»

ሃሩን ትንሽ ረገብ አለ። «ሀጀራ በሩ ላይ ቆማ ትጮሃለች። ዋለ መደርደሪያው ጋ አጎንብሶ ሽቦ ሽቦውን ይነካካል። ‹ምንድን ነው?› ስለው ‹ሶኬት ልንቀል፣ ኤሌክትሪክ ይዟቸው ይሆናል› አለኝ። እኔ እሳቸውን ላነሳ ጠረጴዛው ላይ እጄን ጣል አደረግሁ። ደም ነበር። ብቻ…» እጁን ገልብጦ አየው። «እጄን አልነካውም። ደርቆ ነበር።»

«ይህን ለፖሊስ ተናግረሃል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በዛች ጥርሷን ነከሰች። «ዛሬ የጠየቀኝ የለም ሲባል ስሰማ ሁለተኛዬ ነው» አለችና ወደ ሱቁ ተመለሰች። አሥር አለቃ ንጉሡን ጠርታ የፓምፑ ቤት ሄዶ ጓጉንቸሩን ሰብሮም ቢሆን እንዲገባ፣ ያገኘውንም በባጃጅ ጭኖ እንዲያመጣ አዘዘችው። «ዋለን ቁልፍ እንዳትጠይቀው» አለችው። «ዋለን ወደዚህ ላክልኝ።»

ዋለ የመጣው ረጋ ብሎ ነው። ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሰላምታውም የተከበረ ሰው ሰላምታ ነው። ከሻይ ቤት ሰምቶ የሮጠው፣ ቀድሞ የገባው፣ ሶኬቱን የነቀለው ራሱ እንደሆነ ሳይደናገር ነገራት።

«ሲዘፍን የነበረው ምንድን ነው?»

«አዲሱ ማጉያ ነዋ። ከቴፑ እየተቀበለ ነበር። ቫልቭ ሌላ ነው፣ ትራንዚስተር እንዲህ አይጮህም። ሽማግሌው ሊሞክሩት ሲሰኩት ነው የተለቀቀው።»

«ስትገባ የሞንታርቦው ሽቦ የት ነበር የታሰረው?»

«ማጉያው ላይ» አለ ሳያመነታ። «እዚያው አለ አይደል? እኔ ሶኬት እንጂ ሌላ አልነካሁም።»

«ጥሩ። ከዚህ አትራቅ» አለችው በዛች። በአደባባይ እንዲሰማ የፈለገችውን ነገር አሁን ብትናገር ንዴቷ እንደማይመለስላት ታውቃለች።

መኪናው ሊነሳ ሲያጓራ፣ የቆርቆሮዋ ሱቅ በሰው ሞልታ ነበር። ኮማንደር መለሰ፣ የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙሐመድኑር፣ ሃሩን፣ ዋለ፣ እትዬ የኔአለም። ሀጀራ እጇ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊስ መሀል ቆማለች። የኔአለም ስታያት ፊቷን አዞረች።

«ቀብር አለብን ኢንስፔክተር» አሉ ሼህ ሙሐመድኑር። «ዓባይነህ ይጠብቀናል።»

«ሼህ፣ እሳቸውን ስንቀብር ነገራቸውን አብረን አንቀብርም» አለች በዛች። ከዚያ የማጉያውን ሶኬት አንስታ ሰካችው። «ዝም ብላችሁ እዩልኝ።»

ሁሉም አፈጠጡ። ምንም የለም። ከሁለቱ መስተዋቶች ውስጥ መጀመሪያ እንደ ሲጋራ ጫፍ የምታህል ቅላት ታየች፣ ቀስ እያለች ደመቀች። ሃሩን ተቁነጠነጠ። ኮማንደሩ ሰዓቱን አየ። ቫልቮቹ ግለው ብርቱካናማ ሲሆኑም ሞንታርቦው ትንፍሽ አላለም።

«ሀጀራ ገዳይ የተባለችበት ማስረጃ ይኸው ነው» አለች በዛች። «ቫልቭ እንደ ምድጃ ነው፣ ካልጋለ አይሠራም። እትዬ የኔአለም፣ ትናንት አምፖልዎ ቦግ ሲል ዘፈኑ መቼ መጣ?»

«እኩል» አለች የኔአለም፣ ድምፅዋ ቀነስ ብሎ።

«እኩል! ጣታቸውን ያቃጠላቸው እኩል መምጣቱ ነው። ስለዚህ የዘፈነው ቫልቭ አይደለም። ደግሞስ አቶ ዓባይነህ መብራት ሲሄድ ለምን ነበር ሶኬት የሚነቅሉት? ሲመለስ ገንፍሎ ስለሚመጣ ነው። መብራቱ እስኪረጋ ሳይጠብቁ የሰኩበት ቀን አለ? ሃሩን፣ አንተ ጎረቤታቸው ነህ።»

«የለም» አለ ሃሩን። «እኔን እንኳ ‹ታገስ፣ ይርጋ› እያሉ ይጮሁብኝ ነበር።»

«መብራቱ በመጣባት ቅጽበት የጮኸ ነገር፣ መብራቱ ከመምጣቱ በፊት ተሰክቶ የተቀመጠ ነገር ነው። እሳቸው አልሰኩትም። መብራት በሌለበት ሰዓት ሌላ እጅ ሰካው፣ የቴፑን ቁልፍ ተጭኖ ተወው። ለምን? ሽማግሌው መብራት ሲመጣ በሕይወት ነበሩ እንድንል! እኛም አልን። አፋችንን ሞልተን አልን!» ኮማንደሩን አላየችውም፤ እሱ ግን ጎንበስ አለ። «ደማቸው እኮ ደርቆ ነበር። ሃሩን እጁን ጥሎበት አልነካውም። ሀጀራ ስትነካቸው ቀዝቅዘው ነበር። የተገደሉት ጠዋት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጓሮው ሰው ሳይኖርበት ነው።»

«ማጉያው ላይ የታሰረው ሞንታርቦስ?» አለ ኮማንደሩ።

«እሱ ነው ጉዱ! ይህ ባዶ ቦታ ይታያችኋል? እዚህ የሚገባው ትራንስፎርመር ገና አልተሠራም። ያለ እሱ ይህ ዕቃ ዓመት ቢጋል አንዲት ቃል አይናገርም። አቶ ዓባይነህና ሀጀራ ይህን ያውቃሉ፤ ሞንታርቦ እዚህ ላይ አያስሩም። ያሰረው ሰው የትራንዚስተር ማጉያ ብቻ የሚያውቅ ነው፤ እዚያ እስፒከሩን በቀጥታ ነው የሚቀጥሉት። ቴፕ ሰው ሳይኖርም ይዘፍናል፣ አዲሱ ማጉያ ከተባለ ግን ሽማግሌው ሥራ ላይ ነበሩ ይባላል ብሎ አሰበ። ከቴፑ ፈትቶ ወደዚህ አዞረው። መቼ? ሀጀራ በር ላይ ስትጮህ። ቀድሞ የገባው ማን ነው? መደርደሪያው ጋ አጎንብሶ ሽቦ ሲነካካ የታየው ማን ነው?»

የሁሉም ዓይን ዋለ ላይ ዞረ።

«እኔ ሶኬት ነው የነቀልኩት!» አለ ዋለ። «ምን አለኝና እገድላቸዋለሁ? ምን አድርገውኝ?»

ይህን ጊዜ ውጪ ባጃጅ ቆመ። አሥር አለቃ ንጉሡ ከሌላ ሰው ጋር እያማጠ ገባና አንድ ከባድ የሞተር አካል መሀል ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ውስጡ ባዶ ነበር።

«የፓምፑ ሞተር ነው» አለ ንጉሡ እያለከለከ። «አልተቃጠለም ኢንስፔክተር። መዳቡ ተፈቶ ተወስዷል። ከዚህ የጠፋው የሽቦ ጥቅልም እዚያው፣ ጆንያ ሥር ነበር።»

በዛች ከኪሷ መሐረቧን ፈታች። «ሀጀራ ሳታውቅ ከከላላ ገበያ ሽቦ ገዛች። አቶ ዓባይነህ ጠጋ ብለው ሲያዩት የራሳቸውን እጅ አወቁት፤ አምና ፓምፑን ሲጠመጥሙ የቀጠሉት ቦታ ነው። ጮኹ። ግን ስም አልጠሩም። ሰውዬውን ብቻውን ላናግረው፣ ቅሬ ፊት ከሚዋረድ ራሱ ይናገር አሉ። ጨዋነታቸው ነው ያስገደላቸው።» የካርቶኗን ጥቅልል ለየኔአለም ዘረጋችላት። «እትዬ፣ ይህን ክር ያውቁታል?»

የኔአለም ተቀበለች። አየችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ላይ አነሳች፤ አረንጓዴና ቀይ ጥለት ነው፣ ጥጉ ላይ ክር ተመዞበታል።

«የኔ ነው» አለች። «ዓባይነህ አምና ክር አልቆበት ‹የኔአለም፣ ከጥለትሽ ምዘዢልኝ› አለኝ። እኔ ነኝ የመዘዝኩለት።»

ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋለን አየችው፣ ሰውዬው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ተቃጥሏል አልከኝ» አለችው። «ልጄ የወደቀችበትን ገደል ወርጄ፣ በጀርባዬ አዝዬ ባመጣሁት ውኃ ያፈላሁትን ሻይ እኮ ነው ጠዋት ማታ ስትጠጣ የከረምከው! ‹ስኳር ጨምሪልኝ› ስትለኝ እኮ ነው የከረምከው! ድንቅነሽን ስቀብር አፈር አልብሰሃል! አንተ… አንተ…»

ሼህ ሙሐመድኑር ትከሻዋን ያዙ።

«ለመንኳቸው!» ብሎ ጮኸ ዋለ። ጨዋነቱ ሁሉ ከፊቱ ላይ ተገፎ ወደቀ። «እግራቸው ላይ ወደቅሁ! ዝም ይበሉኝ፣ እመልሰዋለሁ አልኳቸው። ‹ለኔ ሳይሆን ለሴቶቹ ተናገር› ይሉኛል! ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሥራቸውን ቀጠሉ፣ እንደ ሕፃን ልጅ! ምን ላድርግ?»

«መናገር ነዋ!» አለች በዛች። ጩኸቷ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። «አንድ ቃል! አንዲት ቃል ከአፍህ ከምታወጣ ሰው ገደልክ፣ እሷን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ልትቀብራት ነበር! ንጉሡ፣ ካቴናውን ከሷ አውጣና ለሱ አስገባለት። መኪናው ደሴ ይሂድ፣ ባዶውን አይሂድ።»

ዋለ ሲወሰድ ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ኮማንደር መለሰ ሀጀራ ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ እንግዲህ፣ ሁኔታው ነው እንጂ…»

«ሁኔታው አይደለም» አለች ሀጀራ። ካቴናው የነበረበትን እጇን እያሸች ሁሉንም በየተራ አየቻቸው፣ የኔአለምንም ጭምር። «ትናንት እዚህ በር ላይ ቆሜ ስጮህ፣ አባቴ የሆነ ሰው ሞቶብኝ ስጮህ፣ አንድ ሰው እንኳ ‹ምን ሆንሽ?› አላለኝም። ‹ምን አደረግሽ?› ነው ያላችሁኝ። ሁላችሁም።»

በዛች ማሻ ባትሄድ ኖሮ እሷስ ምን ትል እንደነበር ማን ያውቃል። አቶ ዓባይነህ ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። ማጉያው ስላልተናገረ፣ ቅሬውን የጠራው እንደ ድሮው የለፋፊው ጉሮሮ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሼህ ሙሐመድኑር ሽቦው ለማጉያው ይሁን ቢሉ ሀጀራ እምቢ አለች። «ጋሼ አትንኪ ብለውኛል። መጀመሪያ ወደ ቦታው ይመለሳል» አለች። የሞተሩን ቀፎ ሱቁ ደጃፍ ላይ አውጥታ መጠምጠም ያዘች። በዛች በዚያ ስታልፍ ቆማ ታያታለች፤ ሀጀራም ሰላምታ ትመልሳለች፣ ሥራዋን ግን አታቆምም።

አንድ ቀን ሀጀራ የተበጠሰ ሽቦ ቀጥላ የምታስርበት ክር ስትፈልግ፣ ሣጥኑን ገልብጣ ስታጣ፣ የኔአለም ከሻይ ቤቷ መንገዱን ተሻግራ መጣች። አፏ የማያርፈው ሴት አንዲት ቃል አልተናገረችም። አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ከነጠላዋ ጥለት አረንጓዴና ቀይ ክር መዘዘች፣ በጥርሷ በጥሳ ዘረጋችላት።

ሀጀራ ቀና ብላ ፊቷን አላየችውም። እጇን ዘርግታ ክሩን ተቀበለች፣ ሽቦውን አሰረች፣ ደግማም እጇን ዘረጋች።

«ጨምሪ» አለቻት። «ገና ሌላ መቀጠያ አለ።»